ገቢና ወጪውን በር ላይ የሚጽፍ ሻወር ቤት

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ማታ እስክዘጋ ውሎዬ መንገድ ዳር ነው። ስለ መጸዳጃ ቤት ይህን ያህል መጻፌ የሚገርመው ሰው ካለ፣ እንደኔ መንገድ ዳር የሚውል ሰው ይጠይቅ። በተለይ ሴት። እኛ ነጋዴ ሴቶች ለብዙ ዓመት ጠዋት ሻይ የምንጠጣው እየፈራን ነበር። የግድ ሲሆንብን ካፌ ገብተን ያላማረንን ማኪያቶ አዘን ቁልፍ እንጠይቃለን። አንዷ ጎረቤቴ ኩላሊቷን ሲያማት ሐኪሙ ውሃ በደንብ ጠጪ ብሏት ነበር። "ጠጥቼስ የት ልሂድ?" ነበር መልሷ።

አሁን መሄጃ አለን። የሰፈራችን ወጣቶች ተደራጅተው የሚያስተዳድሩት የሕዝብ መጸዳጃና ሻወር ቤት አለ። ስሙን አልጠቅስም። ልጆቹ "ማዘር፣ ከፍለው አስጻፏት እንዳይሉን" ብለውኛልና ቃላቸውን አከብራለሁ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ፣ ገበያውን ሳታልፉ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ማንንም የልብስ ነጋዴ ብትጠይቁ ያሳያችኋል።

በመጀመሪያ ስለ አገልግሎቱ። መጸዳጃ 10 ብር ነው። ሻወር በቀዝቃዛ 30፣ በሙቅ 50 ብር። የሴቶችና የወንዶች መግቢያ ለየብቻ ነው። ከሻወር ሰው በወጣ ቁጥር ቦቲ ጫማ ያደረገ ልጅ ገብቶ ወለሉን በበረኪና ያጥባል፣ ውሃውን በመጥረጊያ ይገፋል፣ ከዚያ ነው "ቀጣይ" የሚለው። ወረፋው ሲረዝም ይህቺን ነገር ይዘሏት እንደሆነ ብዬ ሆን ብዬ በዓል ሰሞን አይቻለሁ። አልዘለሏትም። ሰው ቢያጉረመርምም አልዘለሏትም። ፎጣ አያከራዩም። ይህንንም ወድጄላቸዋለሁ። የአንዱን ሰው ፎጣ ለሌላው መስጠት ብር ያስገኛል፣ በሽታም ያስተላልፋል። ነጠላ ጫማ ግን በበረኪና ውሃ ነክረው ያውሳሉ።

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ልጆቹ ሁለት ትልልቅ ሮቶ አላቸው። ውሃው ሲያንስ ሻወሩን ይዘጉና የቀረውን ለመጸዳጃው ያቆዩታል። ይህ ውሳኔ ገቢያቸውን ይቀንሳል፤ ብሩ ያለው ሻወሩ ላይ ነውና። ምክንያታቸውን ስጠይቅ "ሳይታጠቡ ማደር ይቻላል፣ ያኛው ግን ጊዜ አይሰጥም" አሉኝ። ልክ ናቸው።

ደንበኞቹን ብታዩ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ከጋሞ መጥተው እዚህ ሸማ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ቀኑን ሙሉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው መወርወሪያ ሲወረውሩ ውለው ማታ ይመጣሉ። ከእንጦጦ ጠበል የሚመለሱ የክፍለ ሀገር ሰዎች አሉ። ከጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። እነዚህ እናቶች ለመጸዳጃው አይከፍሉም። በር ላይ ተጽፏል፦ "እንጨት ተሸካሚ እናቶች፣ እርጉዞችና ሕፃን የያዙ፦ ነፃ።" ወጪው ከማን ኪስ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ከትርፋቸው ነው። በስብሰባ ወስነው በቃለ ጉባኤ አስፍረውታል። ማንም ልጅ እንደ ስሜቱ አንዷን አስከፍሎ ሌላዋን እንዳያሳልፍ ነው የጻፉት። ርኅራኄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ልጅ ተረኛ በሆነበት ቀን ብቻ ይሠራ ነበር። ደንብ ስለሆነ በየቀኑ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከመግቢያው በስተቀኝ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ላዩ ላይ በየወሩ በጠመኔ የሚጻፍ ሂሳብ አለ። የወሩ ገቢ ከላይ ይጻፋል። ከዚያ ወጪ ይከተላል፦ ውሃ፣ መብራት፣ በረኪናና ሳሙና፣ ፍሳሽ ማስመጠጫ፣ የቦይለር ብድር ክፍያ፣ ኪራይ፣ ቁጠባ። መጨረሻ ላይ ለአባላት የተከፋፈለው ይጻፋል። ማንም ገብቶ 10 ብሩን የከፈለ ሰው ብሩ የት እንደሄደ ቆሞ ያነባል። ለማንም አላመለከትንም፣ ማንንም አልለመንንም። እዚያው ተጽፏል።

አንድ ወር ላይ እንዲህ የሚል መስመር አየሁ፦ "የሳንዱቅ ጉድለት 340 ብር። ከገንዘብ ያዥ ድርሻ የተቀነሰ።"

ገንዘብ ያዧ ሃያ ምናምን ዓመት የሆናት ልጅ ናት። ከሰሌዳው ሥር ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ እያነበበ ወደ እሷ ያያል። "አንቺ ነሽ?" አልኳት።

"አዎ ማዘር። መልስ ስሰጥ ተሳስቼ መሰለኝ። ግን ሳንዱቁ እኔ ጋ ነበር።"

"አላሳፈረሽም?"

"የመጀመሪያ ቀን አሳፍሮኛል። ከተጻፈ በኋላ ግን ቀለለኝ። ከኋላዬ የሚያወራ የለም። ስንት እንደጎደለ ሁሉም ያውቃል፣ ከማን እንደተቀነሰም ያውቃል፣ አለቀ።"

እኔ የዕቁብ ጸሐፊ ሆኜ አውቃለሁ። 340 ብር ስንት ዓመት የቆየ ጓደኝነት እንደሚያፈርስ አውቃለሁ። የሚያፈርሰው ብሩ አይደለም። "በልቶ ይሆን?" የሚለው ሹክሹክታ ነው። ይህቺ ልጅ ሹክሹክታው ከመነሳቱ በፊት ጉድለቷን በጠመኔ ጻፈችው። ተጠያቂነት የሚባለውን ነገር በስብሰባ ብዙ ሰምቼዋለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን እዚያ ሰሌዳ ላይ ነው።

ሌላው አሠራራቸውም ይኸው መንፈስ ያለበት ነው። አሥር ናቸው። ገንዘብ ያዥነት በየስድስት ወሩ ይዞራል። ማታ ሳንዱቅ የሚቆጠረው በሁለት ሰው ነው። በቴሌብር የሚከፈለው በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሂሳብ ይገባል፤ ከባንክ ለማውጣት የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል። ሥራ ያልገባ የዚያን ቀን ድርሻ አያገኝም፤ ታሞ ከሆነ ያገኛል። ይቺ የመጨረሻዋ ደንብ ብዙ ጭቅጭቅ አስነስታ እንደነበር ነግረውኛል። አንድ አባል ስሙ እያለ እሱ ሌላ ሥራ ይዞ ድርሻውን ብቻ ሊወስድ ይመጣ ነበር። በድምፅ ወጣ።

ይህን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ስንት ማኅበር ተመሥርቶ ሲፈርስ አይተናል። መሥሪያ ሼድ ተሰጥቷቸው ለሌላ ሰው አከራይተው ኪራይ የሚበሉ አሉ። ብድር ወስደው ከተከፋፈሉ በኋላ ያልተያዩ አሉ። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመድብ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ለወጣቱ ብር ያስፈልገዋል፤ ማንም አይክድም። ግን ብር ሲመጣ አንድ ላይ የሚያስተዳድርበት ልምድ የሌለው ማኅበር በራሱ ብር ይፈርሳል። ስልጠና ይሰጣል፣ አዎ። ለጥቂት ቀን አዳራሽ ተቀምጦ ስለ ሂሳብ አያያዝ መስማት ግን በየማታው ሳንዱቅ ከመቁጠር ጋር አንድ አይደለም።

ከሰሌዳው አጠገብ አንድ መዝገብ በሲባጎ ጠረጴዛው ላይ ታስሯል። የቅሬታ መዝገብ ነው። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቀን፣ ቅሬታ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ፣ ተሠርቷል ወይ። እኔ ሁለት ነገር ጽፌበታለሁ። አንደኛው የሴቶቹ ክፍል መቀርቀሪያ ነው። አንድ እጃችንን በሩ ላይ አድርገን ነበር የምንቀመጠው። በማግስቱ ተሠርቶ ስሄድ "ተሠርቷል" ተብሎ ተፈርሞበታል። ሁለተኛው በሴቶቹ በኩል ለሞዴስ መጣያ የሚሆን ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ አለመኖሩ ነው። ይህ ቆየ። ተረኛ የነበረው ወንድ ልጅ አንብቦት ምን እንደሚመልስ ግራ ገብቶት እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ "ይሄን እኔ ልያዘው" አለች። አሁን በእያንዳንዱ ክፍል ክዳን ያለው መጣያ አለ፣ ጠቅልለን የምንጥልበት የጋዜጣ ቁራጭም ተሰቅሏል። ይህን ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ ወር አበባዋ መጥቶባት መንገድ ዳር የዋለች ሴት ያነጋግር። መጸዳጃ ቤቱንም እንዲዘጋ ያደርገው የነበረው ይኸው ነው፤ መጣያ ሲጠፋ ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ይወረወራል፣ ፍሳሽ መጣጩ መኪና ደጋግሞ ይጠራል። አሁን የማስመጠጫ ወጪያቸው እንደቀነሰ ሰሌዳው ላይ ይታያል።

በዚያው ሰሞን ንግድ ፈቃዴን ለማሳደስ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ ካለፈ ቅጣት አለው። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር በትልቁ ተለጥፏል። እያንዳንዱ ጉዳይ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ተዘርዝሯል። "ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሽ" ተባልኩ። ነገም ሲስተም አልነበረም። ቅሬታዬን ልጻፍ ብዬ የአስተያየት ሳጥኑ ጋ ሄድኩ። ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ እየሄድኩ ጠየቅኩ። የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያ ወጥቼ ነው ወደ ልጆቹ የሄድኩት። መዝገቡን ገልጬ የራሴን ቅሬታና ከጎኑ የተጻፈውን መልስ ሳነብ እንባዬ መጣ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ጽሑፉ አለ። የሚጎድለን አሥሩ ልጆች በሲባጎ ያሰሩትን መዝገብ የመሰለ ነገር ነው፤ ሰው ሲጽፍበት መልስ የሚጻፍበት።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣቱ በዴሞክራሲ፣ በመልካም አስተዳደርና በልማት ንቁ ተሳታፊ ይሁን ይላል። ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ከልጆቹ አንዷ 31 ዓመቷ ስለሆነ በዚህ ልኬት ወጣት አይደለችም። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ግን እስከ 35 ይቆጥራታል። ዕድሜው ላይ ክርክር አልገባም። የሚያሳስበኝ "ተሳታፊ" የሚለው በተግባር ምን ሆነ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ስብሰባ ተጠርቶ፣ የታሸገ ውሃ ታድሎ፣ ወጣቶች በመደዳ ተቀምጠው፣ ንግግር ሰምተው፣ አጨብጭበው፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። ተሳትፎ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

አንድ ስብሰባ ላይ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ርዕሱ መልካም አስተዳደር ነበር። እኔም በነጋዴ ስም ተጠርቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ከሻወር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የጎርፍ ቦይ ክዳኑ ተሰብሮ ነበር። ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ሲመጣ አስፈሪ ነው። አንድ ሕፃን እግሩ ገብቶ ተጎድቷል። የመንገድ መብራቱም ከጠፋ ቆይቷል። ጥያቄ ያለው ሲባል ከልጆቹ አንዱ ተነሳ። ንግግር አላደረገም። ምሬትም አላሰማም። መዝገቡን ገልጦ ስለ ቦዩ ሰው የጻፈውን ከነቀኑ አነበበ። ከዚያ የማመልከቻውን ኮፒ ከነገቢ ማኅተሙ አሳየ። "የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ?" ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ ጸጥ አለ። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ከአጠገባቸው ካለው ሰው ጋር ተማክረው ቀን ተናገሩ።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ከወሩ ሂሳብ በታች አዲስ መስመር ተጨምሮ አገኘሁ። "የቦይ ክዳን፦ ቃል የተገባበት ቀን። ይሠራል የተባለበት ቀን።" ከሥሩም "የመንገድ መብራት" ተብሎ እንዲሁ ተጽፏል። ስድብ የለም፣ የማንም ስም የለም፣ ቀን ብቻ ነው። ግን በቀን ስንት ሰው እዚያ በር ያልፋል! ሁሉም አነበበው። ሸማኔው አነበበው፣ የታክሲ ረዳቱ አነበበው፣ ጉዳይ ይዘው መጥተው መጸዳጃ የፈለጉ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችም አነበቡት።

የቦዩ ክዳን ከተባለው ቀን ዘግይቶ ቢሆንም ተሠራ። ጥሩ ኮንክሪት ነው። ልጆቹ ወዲያው ከጎኑ "ተሠርቷል፣ እናመሰግናለን" ብለው ጻፉ። ምስጋናውን መጻፋቸውን በጣም ወደድኩት። ሲጠፋ የሚጽፍ ሲሠራም መጻፍ አለበት። መብራቱ እስካሁን አልበራም። መስመሩም አልተሰረዘም።

እኔ ወጣቱ በመልካም አስተዳደር ውስጥ ሚናው ምንድነው ብትሉኝ ይህን ሰሌዳ ነው የማሳያችሁ። ልጆቹ ኃላፊውን ቀን የመጠየቅ አቅም ያገኙት የራሳቸውን 340 ብር ጉድለት አስቀድመው ስለጻፉ ነው። "እናንተስ?" የሚላቸው ሰው አልነበረም። ሊላቸውም አይችልም።

ጉድለት የለባቸውም አልልም። አገልግሎት እየገመገምኩ ነውና ልንገራችሁ።

መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ የለም። ሽሮ ሜዳ ብርድ ነው፤ ከእንጦጦ ሥር ጠዋት በቀዝቃዛ መታጠብ ከባድ ነው። 50 ብር ከፍላችሁ መሐል ላይ ቢጠፋ 20 ብሩን ይመልሳሉ፣ ሳትጠይቁ። ቢሆንም ጸጉሩን በሳሙና የሸፈነ ሰው 20 ብር አያሞቀውም። የፀሐይ ማሞቂያ ለምን አታስገቡም አልኳቸው። መልሳቸው አሳዘነኝ። የቤቱ ውል በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። በሚቀጥለው ዓመት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ትልቅ ብድር መውሰድ አይደፍሩም። እዚህ ላይ ልጆቹን አልወቅስም። አንድ ማኅበር በአግባቡ ከሠራ፣ ሂሳቡ ግልጽ ከሆነ፣ ሦስት አራት ዓመት የሚያቆይ ውል ሊሰጠው ይገባል። ካልሠራ ይነጠቅ። በየዓመቱ ማንጠልጠል ግን ጎበዙንም ሰነፉንም እኩል ያደርጋቸዋል፤ የውሉ መታደስ በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ሲንጠለጠልም ለሌላ ነገር በር ይከፍታል።

ከአሥሩ ሴቶቹ ሦስት ናቸው። ያንሳሉ። የመጣያው ጉዳይ የቆየው ለዚህ ነው ብዬ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ከወጣው አባል ቦታ የተካችው ሴት እንደሆነች ነግረውኛል፤ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል።

ዋጋ የጨመሩበት መንገድም አላስደሰተኝም። ሻወሩ ከ40 ወደ 50 ብር ሲገባ ጠዋት መጥተን ተለጥፎ አገኘነው። የበረኪናና የውሃ ወጪው እንደናረ ሰሌዳው ላይ አይተናል፣ ምክንያቱ ይገባናል። ግን ሂሳቡን ለደንበኛ የሚያሳይ ማኅበር ዋጋውንም ከመጨመሩ በፊት ሊያወያይ ይገባ ነበር። ሸማኔዎቹ ተቆጥተው ነበር፣ ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ደንበኛ ሰብስበው ተነጋገሩ። ለሸማኔዎቹ የወር ካርድ በቅናሽ ወጣ።

ትልቁ ጉድለት መግቢያው ነው። ሦስት ደረጃ አለው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው አይገባም፣ በክራንች የሚሄድም ይቸገራል። ገበያችን ውስጥ እግሩን የማይችል ጥልፍ የሚሠራ ወንድም አለ። ልጆቹ ተሸክመው ያስገቡታል። በፍቅር ነው የሚያደርጉት፣ አይቻለሁ። እሱ ግን ሰው ተሸክሞት መጸዳጃ መግባት አይፈልግም፤ ራሱ ነግሮኛል። ትንሽ ሲሚንቶና ትንሽ ጉልበት ነው የሚፈልገው፤ ሦስቱን ደረጃ ወደ ዘቅዛቃ መንገድ መቀየር ነው። ለዚህ የዓመት ውልም ሰበብ አይሆንም። መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እሱም ፈርሞበታል። "ማን ይሠራዋል" የሚለው ዓምድ ላይ የሊቀመንበሩ ስም ገብቷል። "እስከ መቼ" የሚለው ላይ ከጥምቀት በፊት ተብሏል።

ለመሄድ ካሰባችሁ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነው። ፎጣችሁን ያዙ። የእንቁጣጣሽና የጥምቀት ሰሞን ገበያው ስለሚጨናነቅ ሻወር የምትፈልጉ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ያኔ ወረፋው ይቀላል። ዝርዝር ብር ከሌላችሁ ቴሌብር ይሠራል። መዝገቡ ከሰሌዳው አጠገብ ነው፣ እስክሪብቶም አለው። የደረጃውን ነገር እናንተም ጻፉበት።